ግማሽ ላይ የቆመው መርፌ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የደረሰ። ማመን የማይፈልግ ሰው እዚሁ ላይ ያቁም፣ አልቀየምም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ ነው የምውለው። ተረት የምፈጥርበት ጊዜም ጭንቅላትም የለኝም።

ደግሞ አስፈሪ ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ያላችሁ ማነው?

የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ። ግቢዬ ውስጥ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር በቆመች አሮጌ ሰማያዊ መኪና ውስጥ...

መኪናዋ የታናሽ እህቴ ነበረች።

ስሟን አልጽፍም። ቤት ውስጥ ሚጣ ነበር የምንላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷት፣ አስተማሪ ሆና፣ ለእኔ ያው ሚጣ ናት። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሷ "እትዬ" ትለኛለች። በዚህ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። ይሄን ያዙልኝ።

የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማ ውጪ ስለሆነ መኪናዋን ገዛች። ለአሮጊት ምንም አትልም ነበር። አንድ ችግር ብቻ... የነዳጅ ጌጇ አይሠራም። ሞላ ጎደለ፣ መርፌው ታች ተኝቷል።

ሚጣ መቼም መላ አታጣም። አሮጌውን የእንጨት ማስመሪያዬን ወሰደችና የነዳጅ መለኪያ አደረገችው። በነዳጅ መሙያው አፍ ቁልቁል ትሰደዋለች፣ ታወጣዋለች፣ እርጥበቱ የት እንደደረሰ ታያለች። ጠርዙን በመቀሴ ፈልፍላ፣ በጋለ መርፌ ጽፋበታለች። ላይ "ሙሉ"። ወረድ ብሎ "አይዞሽ"። ከዚያ "ማደያ ግቢ"። መጨረሻ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ "እትዬ ጋ ደውይ"።

"እኔ ምን ላደርግልሽ? ነዳጅ እሰፋልሻለሁ?" አልኳት።

"ታዲያ ሌላ ማን አለኝ?" ብላ ሳቀች።

ግን መምህራኑ "እንጨቷ መጣች" እያሉ አሾፉባት። አፈረች። መኪናዋን ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ወሰደችው።

ሰዎች "ዶክተር" ይሉታል። የታመመ ሽቦ ስለሚያክም ነው አሉ። እሱ ካከመኝስ አልድን!

ሁለት ቀን ጋራዡ ውስጥ አቆያትና መለሰላት። መርፌው ተነስቶ መሐል ላይ ቆሟል። ግማሽ።

ሚጣ እየጨፈረች መጣች። ማስመሪያዬን በሳሙና አጥባ "ንብረትሽን ተረከቢኝ እትዬ፣ እኔ አሁን ሰው ሆኛለሁ" አለችኝ። የቤንዚን ሽታው ግን አለቀቀውም። የሰው ልብስ እንዳይበክል ብዬ ከስፌት ማሽኔ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

በሁለተኛው ቀን መርፌው ግማሽ ላይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ግማሽ። "ነዳጅ እኮ አትበላም!" ብላ ተደሰተች፣ የኔ ሞኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መኪናዋ ከከተማ ውጪ ካለው ጠባብ ኩርባ አጠገብ ቀጥ አለች።

ሚጣ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ማደያው በእግሯ ሄደች። ኩርባው የእግረኛ መሄጃ የለውም። አንድ ነገር ገጭቷት ሄደ። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደነዳው፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ጀሪካኑም አልተገኘም። ክዳኑ ስለሚያፈስ ከሥሩ የአበባ ጨርቅ ቁራጭ አድርጌላት ነበር፣ ለአንዲት ደንበኛዬ ከሰፋሁት ቀሚስ የተረፈ።

ከመሄዷ በፊት ደውላልኛለች። ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር አልሰማሁም። ለፖሊስም፣ ለዘመድም፣ ለለቀስተኛም የነገርኩት ይሄንን ነው።

*

መኪናዋን ጎትተው ግቢዬ አቆሙልኝ። ለቅሶው ሲያልቅ ጎረቤቴ የሆኑትን ሽማግሌ መካኒክ ጠራኋቸው። "ለምን ቆመች?" አልኳቸው።

ሰልባትዮውን፣ የነዳጁን ቋት ማለቴ ነው፣ አንኳኩት። ባዶ ነው። ቁልፉን ከፈቱና ጌጁን አዩ።

ግማሽ።

ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ዳሽቦርዱን ፈቱት። ከኋላው ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸው ላይ የጥፍር ያህል ዕቃ ነበር፣ በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ።

"ልጄ... ወደ ሰልባትዮው የሚሄደውን ሽቦ ቆርጦታል። በቦታው ይቺን ነው ያሠረው። ይቺ ያለችበት መርፌ ነዳጅ ኖረ አልኖረ ግማሽ ላይ ይቆማል። ዕቃ ሲያጡ የሚሠሯት ተንኮል ናት።"

"እና ጌጁ..."

"ጌጁ ከነዳጁ ጋር አንድም ቀን ተነጋግሮ አያውቅም።"

ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ጋራዡ ድረስ ሄድኩ።

ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተቀበለኝ። "እህቴ፣ እኔ ሠርቼ ነው ያስረከብኩት። ነፍሷን ይማርና፣ አንዳንድ ሴት ጌጅ ማንበብ ይቸግራታል" አለኝ። ይሄን ሲል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያም ሄድኩ። "በጌጅ ሰው አይከሰስም" ብለው ሸኙኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቤቴ ገባሁና ቋጠርኩት።

ሽማግሌው እስክመለስ ያንን ዕቃ ነቅለው ሽቦውን ሁሉ አውጥተውት ነበር። ዳሽቦርዱን ሲመልሱ፣ መርፌው መውደቅ ነበረበት።

አልወደቀም። ግማሽ ላይ ነው።

ባትሪውን ነቀሉት። ግማሽ።

ሽማግሌው "በስመአብ..." ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ካቻቢቴያቸውን ወንበሩ ላይ ትተውት ሄዱ። እስከ ዛሬ መጥተው አልወሰዱትም።

በማግስቱ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ። ከመኪናዋ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ እንደሚሰማው ያለ።

ጠጋ ብዬ በመስኮት አየሁ።

መርፌው እየወረደ ነበር። ቀስ... ቀስ... እያለ። ባዶ ላይ ሲደርስ ቀይዋ መብራት በራች። ባትሪ በሌለው መኪና!

የሹፌሩ ወንበር ደግሞ ወደ ፊት ተስቧል፣ ወደ መሪው ተጠግቶ። ሚጣ አጭር ስለሆነች እንደዚያ ነበር የምታደርገው። እኔ ግን ጠዋት ስጠርገው ወደ ኋላ ገፍቼው ነበር።

ቤት ገባሁ። ማስመሪያው ከሚስማሩ ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ጫፉ ብቻ ረጥቧል፣ "እትዬ ጋ ደውይ" የሚለው ጋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ነገር።

ፈራሽ ወይ ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ።

ሚጣ አላረፈችም ማለት ነው። ሚጣም እንደኔ ተቃጥላለች ማለት ነው። ያንን ሰውዬ ትፈልገዋለች አልኩ። አመጣልሻለሁ የኔ እናት፣ ቆይ ብቻ።

*

ለመግደል አልነበረም ያሰብኩት። ፈጣሪ ምስክሬ ነው።

እዚያ ኩርባ ላይ መኪናዋ እንድትቆምበት ነበር የፈለግኩት። ጌጁ ግማሽ እያለ። እሱም እንደሷ ጀሪካን ይዞ፣ በእግሩ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ኩርባ እንዲሄድ። ከዚያ ተመልሶ "ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" እንዲለኝ። ይቺን አንዲት ቃል ከአፉ መስማት ነበር የምፈልገው።

ሚጣ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ሲል ባትሪውን አስገጠምኩ። መንዳት ያስተማረችኝ ራሷ ሚጣ ናት። ከጋራዡ እስከ ኩርባው ምን ያህል ነዳጅ እንደምትጨርስ ሦስት ጊዜ ብቻዬን ሄጄ በማስመሪያው ለካሁ። ልኬት ሥራዬ ነው።

ከዚያ ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ማር አደረግኩት።

"መኪናዋን ልሸጣት ነው። ጌጇን ነካ ነካ አድርግልኝ። ግን እየሄደች ካላየሃት ችግሯ አይገባህም።"

"ችግር የለም እህቴ፣ ያለፈው አልፏል" አለኝ። አያችሁልኝ?

ከምሳ በኋላ ከጋራዡ አነሳሁት። አጠገቤ ተቀመጠና ጌጁን አይቶ ሳቀ።

"ይኸው ግማሽ ነው! ምን ሆነች ብለሽ ነው?"

"እየሄድን ታየዋለህ" አልኩት።

መሪው ጉልበቴን እየመታኝ ነበር። ወንበሩን ከጋራዡ ስንወጣ ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ። ከከተማ ሳንወጣ ግን ተመልሶ ወደ ፊት መጥቷል።

ከከተማ ስንወጣ መስኮቱን ዘጋው። "ቀዘቀዘኝ" አለ። ውጪው እሳት ነው። እኔን ላብ በላብ አድርጎኛል።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ዞረ።

"ምን ፈለግክ?"

"ምንም... ሰው የተነፈሰ መሰለኝ።"

ኩርባው ሊታየን ሲል ሞተሩ ሁለቴ አሳለውና ጠፋ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ስልኬን አየሁ። ስምንት ከሩብ።

"ምን ሆነች?" አለ።

"ነዳጅ ጨረሰች መሰለኝ።"

"እንዴት ትጨርሳለች? ግማሽ ነው እኮ!"

ሚጣም ያኔ ያለችው ይሄንኑ ነበር። በዚሁ ቃል።

"አንተ አይደለህ የሠራኸው? ዶክተር አይደለህ?" አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ያቺ ቀጭን ድምፅ ግን ቀደመችው።

መርፌው መውረድ ጀመረ።

ሁለታችንም እያየነው... ቀስ... ቀስ... ባዶ ላይ ደረሰ። ቀይዋ መብራት በራች።

ፊቱ አመድ መሰለ። "ይሄ... አይሆንም" አለ በሹክሹክታ።

"ለምን አይሆንም?"

"ሽቦው..."

"ሽቦው ምን?"

እጁ የበሩን እጀታ ፈለገ።

"ሽቦው ምን? ጨርሰው እንጂ!"

"አንቺ ሴትዮ ቀውሰሻል!" ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። መኪና ሊያስቆም መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። ወፍ የለም። ሁልጊዜ ጭነት መኪና የማይጠፋበት መንገድ ጭር ብሏል።

"ጀሪካን ከኋላ አለ። ማደያው ከኩርባው ወዲያ ነው" አልኩት።

"ከአንቺ ጋር እዚህ ከምቀመጥስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል" እያለ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ጀሪካኑን አወጣ።

እኔ ያስቀመጥኩት አረንጓዴ ጀሪካን ነው። በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት።

እሱ ያወጣው ግን ቢጫ ነበር።

ከክዳኑ ሥር የአበባ ጨርቅ ቁራጭ ይታያል።

ክው አልኩ። "ተው፣ እሱን አትያዘው" ልለው ፈልጌ ነበር። ግን አላልኩም። እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ማስጠንቀቅ እችል ነበር፤ ይበለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

እየተራገመ ሄደ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቆመና ከፊቱ ያለ ሰው እንደሚያናግር እጁን አወራጨ። ከዚያ ታጠፈና ከዓይኔ ጠፋ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስልኬ ጠራ። እሱ ነው።

"እህቴ..." አለኝ። "አብራን የመጣችው ሴት ማናት?"

"ማንም አብሮን አልመጣም።"

"ከፊቴ እየሄደች ነው። አጭር ናት። ነጭ የአስተማሪ ጋዋን ለብሳለች። ቁሚ ስላት አትቆምም... ጀሪካኑ ደግሞ እየከበደኝ ነው። ባዶ ነው እኮ! ለምን ይከብደኛል?"

"ጣለው።"

"እጄ አልላቀቅ አለ።"

ያኔ ልቤ ውስጥ የተቋጠረው ሁሉ በአንዴ ተፈታ። "ንገራት! ሽቦውን ማን እንደቆረጠው ንገራት!" ብዬ ጮህኩ።

ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"እኔ ነኝ... እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዕቃው አልተገኘም ነበር። ሥራው አቃተው እንዳልባል ብዬ ነው። አፈር ስሆን፣ ይቅር በይኝ በያት..."

ደረሰ። አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ጆሮዬ ገባ። እፎይ ልል ነበር።

"ሰማችህ?" አልኩት።

እግሩ አስፋልቱ ላይ ሲጎተት ይሰማኛል።

"ዞረች" አለ። "ሰምታኛለች... ግን እኔን አይደለም የምታየው።"

"ማንን ነው?"

"በእኔ በኩል አንቺን ነው የምትጠይቀው።"

"ምን... ምን ትላለች?"

"'እትዬ፣ ለምን ዘጋሽብኝ?' ትላለች።"

ስልኩ ተቋረጠ።

*

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር።

ስልኬ ድምፁ አልጠፋም ነበር። ሚጣ ስትደውል አንስቼዋለሁ።

አንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካሁላት ነበር፣ አፌ በስፒል ተሞልቶ። ሴትየዋ ነዝናዛ ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ አቃጥላኛለች።

"እትዬ፣ መኪናዋ ቆመችብኝ። ግማሽ ነው እኮ የሚለው! መጥተሽ ውሰጂኝ፣ እዚህ መንገድ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ" አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ?

"ግማሽ ካለ ነዳጅ አለሽ ማለት ነው። አታጨናንቂኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ!"

ዘጋሁባት።

ሌላ ሰው ለምኜ ልልክላት እችል ነበር። ሥራዬን ጥዬ ታክሲ መያዝም እችል ነበር። ሠላሳ ደቂቃ አይፈጅም። ዶክተሩ ሽቦ ቆረጠ። እኔ ደግሞ ስልኩን ዘጋሁ።

ያን ቀን እስከ ኩርባው ሄጄ ፈለግኩት። ማንም የለም። ማደያው ያሉት ልጆች ጀሪካን የያዘ ሰው አላየንም አሉ። ተመልሼ የኋላውን ኮፈን ስከፍት አረንጓዴው ጀሪካን ቦታው ላይ ነው። አቧራው እንኳ አልተነካም።

ፖሊስ ፈለገው፣ ሚስቱ ፈለገችው፣ ወር አለፈው። ጋራዡ እንደተዘጋ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ቤቴ መጥታ "መጨረሻ ያናገረው አንቺን ነው፣ ምን አለሽ?" ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። "አልሰማሁትም" አልኳት።

አያችሁ? ደግሜ ያንኑ ውሸት።

መኪናዋን አስጎትቼ ግቢዬ መለስኳት። ባትሪዋን አስነቀልኩ፣ አራቱንም ጎማ አስፈትቼ በድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ቁልፏን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

በየቀኑ ስምንት ከሩብ ላይ ግን ስልኬ ይጠራል። "ሚጣ" ይላል። ስልኳ ከእሷ ጋር ነው የተቀበረው። አንስቼው አላውቅም።

እስከ ትናንት።

ትናንት ደከመኝ። የማሽኑ መርፌ ጨርቁን ትቶ ጣቴን ወጋኝ፣ ደሜ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ፣ ስልኩ ይጠራል። አነሳሁት። ምንም አልጠየቅኳትም። ያኔ ማለት የነበረብኝን ብቻ አልኩ።

"እየመጣሁ ነው ሚጣዬ። እዚያው ጠብቂኝ፣ በእግርሽ አትሂጂ።"

የሚንዶቀዶቅ ድምፅ ብቻ ሰማሁ... ከጀሪካን ነዳጅ ሲቀዳ። ረጅም ጊዜ። ድምፁ ከስልኩ ይሁን ከግቢው መለየት አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ወጣሁ።

ቢጫው ጀሪካን መኪናዋ አጠገብ ቆሟል። ባዶውን። የአበባ ጨርቁ ተፈትቶ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ይሄን የምጽፈው ማሽኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ነገ ብጠፋ የዶክተሩ ሚስት መጨረሻ ላይ ምን እንዳለኝ ትወቅ። ባሏ እያለቀሰ አምኗል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ይቅርታ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ሆኗል።

በመስኮት ይታየኛል። ጎማ የሌላት መኪና በድንጋይ ላይ ቆማለች። ሽንት ቤት የጣልኩት ቁልፍ ከመሪው ሥር ተሰክቷል። መርፌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ላይ ነው።

በሩ ተከፍቷል። የሹፌሩ ወንበርም ወደ ኋላ ተገፍቷል።

በእኔ ልክ።